ስልክ፣ ላፕቶፕና ፓወር ባንክ ከአገር አገር ሲላክ፦ የባትሪው ጣጣ

ደሴ ውስጥ ውጭ አገር ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሪያድ፣ ጂዳ፣ ዱባይ፣ ቤሩት፣ ካልሆነም አሜሪካ። ስለዚህ ስልክ ይመጣል፣ ላፕቶፕ ይመጣል፣ አንዳንዴም ለጥገና ወይ ለዘመድ ተብሎ ከዚህ ወደዚያ ይሄዳል። ከዚያ ጭቅጭቁ ይጀመራል። አንዱ ካርጎ ቤት «ባትሪ ያለበት ዕቃ አንቀበልም» ይላል። ሁለት ሱቅ አልፎ ያለው ያንኑ ዕቃ ይቀበላል። ሰው «ደስ ያላቸውን ነው የሚያደርጉት» ይላል። እህቴ የላከችው ስልክ ደረሰ፣ አብሮ የነበረው ፓወር ባንክ ግን የለም፤ ማን ወሰደው? ሰው ወዲያው «ሰርቀውት ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። ግን ብዙውን ጊዜ ፓወር ባንኩ ኤርፖርት ላይ በኤክስሬይ ታይቶ የተነሳ ነው፤ ያነሱትም በሕጉ መሠረት ነው።

ሕጉ ሲያዩት ዝብርቅርቅ ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ባትሪው የት ነው ያለው፣ ምን ያህል ትልቅ ነው፣ ደህና ነው ወይስ ተጎድቷል። ስለ ስልኩ ዋጋ፣ ስለ ብራንዱ፣ ስለ ሜሞሪው የሚጨነቅ ጉምሩክ ነው። አውሮፕላኑ የሚጨነቀው ስለ ባትሪው ነው።

ለምን እንደሚጨነቅ ልንገራችሁ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ሁለት ስስ ንጣፎች ተጠቅልለው የተሠራ ነው። በመሀላቸው ከወረቀት የሳሳ ፕላስቲክ አለ፣ ዙሪያውን ደግሞ እሳት የሚይዝ ፈሳሽ አለ። ያ ፕላስቲክ ከተቀደደ፣ ባትሪው ተጨፍልቆም ሆነ በፋብሪካ ስህተት፣ ሁለቱ ንጣፎች ተነካክተው ሾርት ያደርጋሉ። ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ውስጥ ያለውን ኬሚካል ያፈርሰዋል፣ የሚፈርሰው ኬሚካል ደግሞ ተጨማሪ ሙቀትና ኦክስጅን ይለቃል። በዚህ ጊዜ ቻርጀሩን መንቀል ዋጋ የለውም፤ ነገሩ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። አጠገቡ ሌላ ባትሪ ካለ እሱንም ያሞቀዋል፣ ያኛው ሲነሳ ቀጣዩን፣ እያለ ካርቶን ሙሉ ይዳረሳል፤ ልክ በበጋ እንደ ተለቀቀ ሰደድ እሳት።

የአውሮፕላን ዕቃ መጫኛ ውስጥ እሳት ማጥፊያ የለም ማለት አይደለም። ሃሎን የሚባል ጋዝ አለ። ጋዙ ነበልባሉን ያፍነዋል፣ የባትሪውን የውስጥ ሙቀት ግን አያቆመውም። የሚያቆመው ማቀዝቀዝ ነው፣ ማለትም ውሃ። ታች ዕቃ መጫኛ ውስጥ ደግሞ ውሃ ይዞ የሚገባ ሰው የለም። ተሳፋሪው ያለበት ክፍል ግን አስተናጋጆች አሉ፣ ውሃ አለ፣ ጭስ የሚያይ ዓይን አለ። «ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ» የሚባለው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ነገሩ ተገላቢጦሽ ይመስለዋል፤ አደገኛ ከሆነ ለምን ወደ እኔ ያስጠጉታል ይላል። የሚያስጠጉት እንዲታይ ነው።

ይሄ የመጽሐፍ ፍርሃት አይደለም። (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በመስከረም 3 ቀን 2010 የዩፒኤስ 747 የጭነት አውሮፕላን ከዱባይ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ጭነቱ ውስጥ እሳት ተነሳ፣ ጭነቱ ውስጥ እጅግ ብዙ የሊቲየም ባትሪ ነበር፣ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። በጥር 2025 ደግሞ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ገና ሳይነሳ ከተሳፋሪ ራስ በላይ ካለው ዕቃ ማስቀመጫ እሳት ወጣ፤ ሰው ሁሉ ወርዶ ተረፈ፣ አውሮፕላኑ ግን ጣሪያው ተቃጠለ። መርማሪዎቹ በፓወር ባንክ ሳይነሳ አልቀረም አሉ።

የኛም ታሪክ አለበት። በሐምሌ 2013 ለንደን ሂትሮው ላይ ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር፣ «ንግሥተ ሳባ» የምትባለው፣ ውስጧ ሰው ሳይኖር ከኋላ በኩል ተቃጠለች። የእንግሊዝ መርማሪዎች ያገኙት ምክንያት ጅራቷ አካባቢ የተገጠመ አንድ ትንሽ የአደጋ ጊዜ ምልክት መስጫ መሣሪያ ነው። የባትሪው ሽቦ በክዳኑ ተቆንጥጦ ሾርት አድርጎ ነበር። አስቡት፣ ያን ያህል አውሮፕላን በአንድ የተቆነጠጠ ሽቦ። ያኛው ባትሪ ቻርጅ የማይደረግ ዓይነት ነው፣ ሊቲየም ሜታል ይሉታል፤ የስልካችን ደግሞ ሊቲየም አዮን። ሕጉ ሁለቱንም ይቆጣጠራል፣ ቁጥራቸው ግን ይለያያል።

ስለ ቁጥር ካነሳን፣ የመላኪያ ወረቀት ላይ ዩኤን 3480 እና ዩኤን 3481 የሚል ታያላችሁ፤ የተባበሩት መንግሥታት ለአደገኛ ጭነት የሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ጠቅላላ ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። 3480 ማለት ባትሪ ለብቻው። 3481 ማለት ባትሪ ከዕቃ ጋር፤ እሱም ሁለት መልክ አለው፣ ወይ ዕቃው ውስጥ ተገጥሞ ወይ ከዕቃው ጎን በአንድ ካርቶን ታሽጎ። ተገጥሞ ያለው በጣም ቀላሉ ነው፤ ስልኩ ራሱ ቤቱ ነውና ይጠብቀዋል። ለብቻው ያለው በጣም ከባዱ ነው። ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ በጭነት መልክ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም። በጭነት አውሮፕላን ብቻ ነው የሚሄደው፣ ያውም ቻርጁ ከ30 በመቶ ሳይበልጥ። ከ2026 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ይሄ የ30 በመቶ ነገር ከዕቃ ጎን ለሚታሸጉትም ግዴታ ሆኗል፣ የሰዓት ባትሪ የሚያህሉት ትንንሾቹ ሲቀሩ። ባትሪ በሞላ ቁጥር ሲነሳ የሚለቀው ጉልበት ስለሚበዛ ነው። ዕቃው ውስጥ ለተገጠመውም ቢሆን ዝቅ አድርጎ መላክ ይመከራል፣ እኔም እላለሁ፤ ስልኩን መቶ በመቶ ሞልታችሁ አትላኩ፣ ተቀባዩ ቻርጀር አያጣም።

እና ፓወር ባንክ የት ይመደባል? ብዙ ሰው እንደ ስልክ «ዕቃ» ይመስለዋል። መብራት አለው፣ ቁልፍ አለው፣ አንዳንዱ ስክሪን አለው። ሕጉ ግን ባትሪ ነው ይለዋል። ሥራው ለሌላ ኃይል መስጠት ብቻ ስለሆነ 3480 ነው፣ ለብቻው ያለ ባትሪ። ካርጎ ቤቱ ስልኩን ተቀብሎ ፓወር ባንኩን የመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስልኩንና ፓወር ባንኩን በአንድ ካርቶን ማሸግም አያድንም።

መጠኑ ላይ እንምጣ። መለኪያው ዋት አወር ነው፣ ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ማለት ነው። ፓወር ባንኩ ጀርባ ላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ብርሃን ላይ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት፣ ብዙ ጊዜ ግራጫ በግራጫ ነው የሚጽፉት። ካልተጻፈ ሚሊአምፒሩን (mAh የሚለውን) በ3.7 አባዝታችሁ ለ1,000 ማካፈል ነው። 10,000 ሚሊአምፒር 37 ዋት አወር ይሆናል፣ 20,000 ደግሞ 74። 27,000 ሲሆን 99.9፤ አምራቾች እዚህ ቁጥር ላይ የሚያቆሙት በአጋጣሚ አይደለም፣ መስመሩ 100 ስለሆነ ነው። እስከ 100 ድረስ ተሳፋሪ ያለ ፈቃድ በእጅ ሻንጣ ይይዛል። ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፣ ትርፍ ባትሪ ከሆነም ከሁለት አይበልጥም። ከ160 በላይ በተሳፋሪ ሻንጣ የለም፣ በቃ። ሰሞኑን ገበያ ላይ 50,000 የተጻፈባቸው ርካሽ ፓወር ባንኮች አሉ። እውነት 50,000 ከሆነ 185 ዋት አወር ነው፣ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ውሸት ከሆነም (አብዛኛው ውሸት ነው) ተቆጣጣሪው የሚያነበው የተጻፈውን ስለሆነ ያው ይወሰዳል። ጽሑፉ ጭራሽ የጠፋበት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ችግር ነው፣ ምንነቱ አይታወቅምና።

ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 70 ዋት አወር መካከል ነው፣ ችግር የለበትም። የኤሌክትሪክ ስኩተርና ሳይክል ባትሪ ግን ሌላ ዓለም ነው። 36 ቮልትና 10 አምፒር አወር ያለው 360 ዋት አወር ይመጣል። «ዱባይ በርካሽ አገኘሁ፣ ሻንጣ ውስጥ ልክተተው» የሚል ወንድም ካለ ቀድማችሁ አስቁሙት።

በሰው መላክ የወሎ ዋናው ካርጎ ነው፣ መቼም እንተዋወቃለን። ከሪያድ የምትመጣ ልጅ አራት ካርቶን በፕላስተር ጠቅልላ፣ ላዩ ላይ ስም ጽፋ ትመጣለች፣ ግማሹ የራሷ አይደለም። እንግዲህ ለእሷ የሚጠቅማት ይሄ ነው። ስልክና ላፕቶፕ በእጅ ሻንጣ ቢሆን ይመረጣል። ወደ ታች የሚሄደው ሻንጣ ውስጥ የግድ ከገባ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት፣ እንቅልፍ ላይ አይደለም፣ መጥፋት፤ በልብስ መሀልም እንዳይጨፈለቅና ቁልፉ በራሱ እንዳይበራ ተደርጎ። ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ ታች በፍጹም አይገባም። በር ላይ «ሻንጣሽ ትልቅ ነው፣ ታች ይጫን» ብለው የእጅ ሻንጣዋን ሲቀበሏትም ፓወር ባንኩን አውጥታ መያዝ አለባት፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። በአያታ (የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር) ሕግ አንድ መንገደኛ ለግሉ እስከ 15 የሚደርስ ባትሪ ያለው መሣሪያ መያዝ ይችላል፣ ግን ይሄ የእሳቱ ሕግ ነው። ጉምሩክ አምስት አዲስ ስልክ በእጇ ሲያይ የሚጠይቃት ሌላ ነው፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

በዱባይ በኩል በኤምሬትስ የሚሄድ ካለ ደግሞ፣ ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ አየር መንገዱ ለአንድ ሰው አንድ ፓወር ባንክ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ ከ100 ዋት አወር በታች የሆነ። በረራ ላይ በሱ ስልክ መሙላትም እሱን ራሱን መሙላትም ክልክል ነው። ራስ በላይ ባለው ማስቀመጫ ሳይሆን ወንበር ሥር ወይም ፊት ለፊት ባለው ኪስ ነው የሚቀመጠው። ቻይና ውስጥ ደግሞ ከሰኔ 28 ቀን 2025 ወዲህ የቻይናው የ3ሲ ምልክት የሌለበት ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራ አይገባም፤ ጓንጁ ለዕቃ የምትሄዱ ነጋዴዎች ይሄን ያዙ።

ሌላም ነገር አለ። ምን እንደሆነ ያላያችሁትን የታሸገ ካርቶን ለማንም ብላችሁ አትያዙ። ዝምድና ነው፣ ይሉኝታ ነው፣ ይገባኛል። ግን ፍተሻ ላይ «ውስጡ ምንድን ነው?» ሲባል መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። «ልክፈተውና ልየው» ማለት ነውር አይደለም።

በካርጎና በኩሪየር ሲሆን ወረቀት ይመጣል። ከደሴ ወደ ውጭ የምትልኩት ዕቃ መጀመሪያ በሐረጎ ወርዶ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ወይ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ደሴ ላይ የተቀበለው ሰው «ችግር የለም» ቢልም ዋናው ፍተሻ ቦሌ ላይ ነው። እዚያ ሲከፈት ወረቀቱ ላይ «ልብስ» ተብሎ ውስጡ ላፕቶፕ ከተገኘ ተመላሽ ነው፣ ቢብስም ቅጣት አለው። ስለዚህ እውነቱን አስጽፉ፦ «ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ባትሪው ውስጡ የተገጠመ፣ ይህን ያህል ዋት አወር»። ይህቺ አንዲት መስመር ብዙ ጣጣ ትቀንሳለች። ካርቶኑ ላይ የሚለጠፈው ምልክት ዙሪያው በቀይ ሰያፍ መስመር የተከበበ ሲሆን መሀሉ ላይ እሳት የሚተፋ የባትሪ ሥዕልና የዩኤን ቁጥሩ አለበት። አንድ ሁለት ካርቶን ብቻ ከሆነና በየካርቶኑ ከሁለት ያልበለጠ ትንሽ ባትሪ ዕቃ ውስጥ ተገጥሞ ካለ፣ በአያታ ሕግ ምልክቱ ራሱ ግዴታ አይደለም። ኩሪየሮች ግን ከሕጉ ጠበቅ ያለ የራሳቸው ደንብ ስላላቸው አንዱ የከለከለውን ሌላው ይቀበላል። ያ መጀመሪያ ያነሳነው «ደስ ያላቸውን ነው የሚያደርጉት» የሚባለው ነገር ግማሹ ይሄ ነው። በፖስታ ሲሆን ደግሞ ለብቻው ያለ የሊቲየም ባትሪ በዓለም አቀፍ የአየር ፖስታ አይሄድም።

ነጋዴ ከሆናችሁና ስልክ በብዛት ከፋብሪካ የምታስመጡ ከሆነ ዩኤን 38.3 የሚባል የፈተና ማጠቃለያ ወረቀት ከሻጩ ጠይቁ። ባትሪው በከፍታ ግፊት፣ በሙቀትና ብርድ፣ በንዝረት፣ በምት፣ በሾርት ተፈትኖ ማለፉን የሚናገር ነው፤ ከ2020 ጀምሮ አምራቹም አከፋፋዩም ሲጠየቅ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «ነገ እልክላችኋለሁ» እያለ የሚያመላልስ ሻጭ ወረቀቱ የለውም ማለት ነው።

ዋጋው ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፣ እሱም በይዘት የሚሰላ ኪሎ ነው። ኩሪየር የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲሜትር አባዝቶ ለ5,000 ያካፍልና ከሚዛኑ ጋር አወዳድሮ በሚበልጠው ያስከፍላል። አንድ ኪሎ ተኩል ላፕቶፕ 40 በ30 በ20 ካርቶን ውስጥ ከገባ 4.8 ኪሎ ይሆናል። ቁመቱን ወደ 10 ብታወርዱት 2.4። ግን ደግሞ ባትሪ ስለሆነ ያለ ስፖንጅ ማሸግ አይቻልም። በሁሉም በኩል አራት አምስት ሴንቲ ሜትር መከላከያ የሚይዝ፣ ጠንካራ፣ ከዚያ ያልተረፈ ካርቶን ፈልጉ። ፌስታል ጠቅጥቆ ካርቶን መሙላት መከላከያ አይደለም።

በባሕር የሚመጣው የብዛት ዕቃ ነው። ጅቡቲ ይወርድና በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይገባል። ለአንድ ስልክ ማንም በመርከብ አይልክም፣ ለሶላር ባትሪና ለትልልቅ ዕቃ ግን መንገዱ ይሄ ነው። ችግሩ ሙቀት ነው። የተዘጋ ኮንቴይነር አፋር በረሃ ላይ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ከውጭው በጣም ይብሳል፣ ሊቲየም ደግሞ ሙቀት ላይ ዕድሜው ያጥራል። አንዳንዱ ሶላር ባትሪ «አዲስ ነው ግን ቶሎ ሞተ» የሚባለው እንዲህ ከርሞ ሊሆን ይችላል። አሲድ ያለበት የመኪና ባትሪ በበኩሉ የሚቆጠረው ቆዳና ብረት ከሚበሉ ፈሳሾች ጋር ነው፣ ለብቻው ሕግ አለው። ተራው የባትሪ ድንጋይ ግን አብሽሩ፣ ጫፎቹ ተነካክተው ሾርት እንዳያደርጉ ታሽጎ ይሄዳል።

ጉምሩክን በአጭሩ። ቀረጥ የሚሰላው በስልኩ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱም ይደመርበታል። 15 በመቶው ቫት ደግሞ የሚመጣው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው፣ በግብር ላይ ግብር ማለት ነው። ስለዚህ ውድ ኩሪየር ስትመርጡ ማጓጓዣውን ብቻ አይደለም የምትከፍሉት፣ ቀረጡም አብሮ ይጨምራል። ኢንቮይስ ከሌለ ጉምሩክ በራሱ የዋጋ መረጃ ይተምናል፣ ያገለገለ ስልክ በአዲስ ዋጋ ተሰላብኝ የሚለው እሮሮ ከዚህ ይመጣል። የተገዛበትን ደረሰኝ አስልኩ፣ ያገለገለ ከሆነም «ያገለገለ» ብሎ ይጻፍበት። ብዛት ያለው ዕቃ ከሆነ ትራንዚተር ሳይዙ ዲክላራሲዮን መሙላት ራስን ማድከም ነው።

የቀረው የተጎዳ ባትሪ ነው። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ስክሪኑ በአንድ ጎን ከፍ ብሎ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካበጀ፣ ባትሪው አብጧል። ያበጠ፣ የተጨፈለቀ ወይም አምራቹ «መልሱልኝ» ያለው ባትሪ በአውሮፕላን አይላክም፣ በሻንጣም በካርጎም። «ለጥገና ነው የምልከው» ብትሉም ያው ነው። እዚህ ደሴ ፒያሳ ወይ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ካሉት ጠጋኞች ጋ ወስዳችሁ ባትሪውን አስወጡትና ስልኩን ያለ ባትሪ ላኩት፣ አዲሱን ባትሪ ተቀባዩ እዚያው ይግዛ። ያወጣችሁትን ደግሞ አትውጉት፣ እሳት አጠገብ አታስቀምጡት፣ ጫፎቹን በናስትሮ ጠቅልሉት።

ድሮን ለማስመጣት የምታስቡ፣ እሱ ባትሪው ከመታየቱ በፊት የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ የምንለው፣ ፈቃድ ይፈልጋል። ያለ ፈቃድ ቦሌ ላይ ይያዛል። ፈቃዱ ካላችሁ ትርፍ ባትሪዎቹን ልክ እንደ ፓወር ባንክ ቁጠሯቸው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ከረጢት ሆኖ በእጅ ሻንጣ ይግባ።